አረጋውያን ተጓዦችና ጤና

የአረጋውያን የጉዞ ጤና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚገጥማቸውን የጤና ሥጋትና መከላከያውን የሚመለከት የጉዞ ሕክምና ክፍል ነው። ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ቀድሞ የሚጨነቀው በመዳረሻው አገር ስላለው ወባ፣ ውሃና ምግብ ነው። በውጭ አገር ጉዞ ላይ ለሚያጋጥም ሞት ግን ቀዳሚዎቹ ምክንያቶች የልብና የደም ሥር ሕመም እንዲሁም የመኪና አደጋን የመሰለ ጉዳት ናቸው፤ የተላላፊ በሽታ ድርሻ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ መነሣት ያለበት ከተጓዡ ነባር ሕመምና ከሚወስደው መድኃኒት ነው።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለውን የ13 ሰዓት ገደማ በረራ እንውሰድ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይስተካከላል። ጤነኛ ሰው አይታወቀውም፤ ልቡ የደከመ ወይም ሳንባው የታመመ ሰው ግን ኦክስጅን ያንሰዋል። ሲወርድም እፎይታ የለም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ላሊበላ ደግሞ ወጣ ገባ የድንጋይ ደረጃዎቿ ጉልበትንም ትንፋሽንም ይፈትናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። የደም መርጋቱ ከ6,000 ጤነኛ ተጓዦች አንዱን የሚያገኝ ነው፤ ዕድሜ፣ ካንሰርና የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ግን ሥጋቱን ከፍ ያደርጉታል። ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው የመድኃኒት መዛባት ነው። መጸዳጃ ቤት መመላለስን ፈርተው የሚያሸናውን ክኒን የሚተዉ አሉ፤ ውሃው ተጠራቅሞ የደከመውን ልብ ይጫነዋል። ኢንሱሊን በሻንጣ ከተላከ በቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ላይ፣ «ጠዋት 8» የተባለው ክኒን በአገር ቤት አቆጣጠር 2 ሰዓት መሆኑ ሲጨመርበት፣ ደግሞ መዋጥም ጨርሶ መርሳትም ቀላል ነው።

«የመዳረሻው በሽታስ?» የሚል ይኖራል። አይናቅም፤ ቆላ ያደገ ሰው እንኳ ለዓመታት ውጭ ከኖረ ወባን የመቋቋም አቅሙ ስለሚቀንስ ወደ ወባማ አካባቢ ሲሄድ መከላከያ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የቢጫ ወባ ክትባት ራሱ ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማስከተል ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ውሳኔው ተመልሶ የተጓዡን ሰውነት ከሚያውቅ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። «እንግዲያው ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጥ» የሚለውም ልክ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. በሐጅ ወቅት ከ1,300 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ የሳዑዲ መንግሥት እንዳስታወቀው አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የመጡና ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። አረጋውያንና ሕሙማንም ነበሩባቸው፤ ለሞት ያጋለጣቸው ግን ዕድሜያቸው ብቻ ሳይሆን የጥላና የመጓጓዣ እጦትም ነው። ሕመሙ የተረጋጋለት አረጋዊ በዝግጅት ሊጓዝ ይችላል።

የአሜሪካው የአረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬር ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው ስለማይከፍል የጉዞ ኢንሹራንስ ይገባ። ወላጆቻችሁን የምትሸኙ ልጆች፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ ከቆይታቸው ቀናት ተርፎ የሚበቃ መድኃኒትም ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳቸው አስይዟቸው።