የአስተናግር ሥር፦ አልካሎይድን በቲሹ ካልቸር የማምረት ጥያቄ

የመድኃኒት ዕፅዋትን በቲሹ ካልቸር አሳድጎ አልካሎይድ የማምረት ሐሳብ፣ እያንዳንዱ ህዋስ የመላ ተክሉን ችሎታ ይዟል በሚል መርህ ላይ ቆሟል። መርሁ ትክክል ነው፤ ህዋሱ ለብቻው ተነጥሎም ያንኑ ያመርታል የሚለው ድምዳሜ ግን የተቻኮለ ነበር። በአገራችን በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር ይህን ያሳያል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን በቅጠሉም በፍሬውም ይገኛሉ፤ የሚሠሩት ግን ሥሩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በተደረጉ ሙከራዎች የቲማቲም ቅርንጫፍ በአስተናግር ሥር ላይ ሲጣበቅ የቲማቲሙ ቅጠል አልካሎይድ ያዘ፤ አስተናግሩ በቲማቲም ሥር ላይ ሲጣበቅ ግን ቅጠሉ ከአልካሎይድ ነጻ ለመሆን ጥቂት ቀረው።

እንግዲህ ካለስ የሚባለው ቅርጽ የለሽ የህዋስ ክምችት በሆርሞን እየበዛ ሳለ አልካሎይድ መንፈጉ፣ ሥር ሲያወጣ ደግሞ መልሶ መስጠቱ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ በአስተናግር ዘመዶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ምክንያቱን አሳይተዋል። ስኮፖላሚንን የሚያስገኘው ኢንዛይም ያለው ፔሪሳይክል በተባለው የሥር ውስጠኛ ንብርብር ነው፤ ከዚያ የሚቀድመውን አንድ ደረጃ የሚያከናውነው ግን በውጨኛዎቹ ንብርብሮች ይገኛል። ውህዱ ከህዋስ ወደ ህዋስ እየተሸጋገረ ተሠርቶ ያልቃል። አግሮባክቴሪየም ራይዞጄንስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ የሚያስወጣው ፀጉራም ሥር ስኬታማ የሆነውም ይህን የሥራ ክፍፍል ሳያፈርስ፣ ያለ ሆርሞን፣ በፍጥነት ስለሚያድግ ነው።

ሥር የግድ ያስፈልጋል ለሚለው ሐሳብ ትልቁ ተቃዋሚ ማስረጃ ቤርበሪን የተባለው አልካሎይድ ነው። ጃፓን ውስጥ ከኮፕቲስ ተክል ተመርጠው የተባዙ ህዋሳት፣ ሥርም ቅጠልም ሳይኖራቸው፣ ከደረቅ ክብደታቸው ከአሥር በመቶ በላይ ቤርበሪን ሰጥተዋል። ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ የኮፕቲስ ህዋስ ሥራውን ከመነሻ እስከ መጨረሻ ራሱ ይፈጽማል፤ የአስተናግር ህዋስ አይፈጽምም። ለዘዴው ምርጫ ወሳኙ ተክሉ ሥራውን ለስንት ዓይነት ህዋስ አከፋፍሎታል የሚለው ነው። ሌሎች ደግሞ እርሾ ይበቃል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስኮፖላሚን የሚሠራ እርሾ ማበጀታቸው ድንቅ ስኬት ነው። ሆኖም ከሃያ በላይ ፕሮቲኖችን በስድስት የህዋስ ክፍሎች መደልደል አስፈልጓቸዋል፤ ምርቱም በሊትር በማይክሮግራም የሚቆጠር ነበር። ሥሩ በተፈጥሮ ያለውን የቦታ ክፍፍል እርሾው ውስጥ እንደ አዲስ መገንባት ማስፈለጉ ክርክሩን ያጠናክረዋል።

ይበልጥ የሚከብደው የዋጋ ጥያቄ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በማሳ የሚለማው ዱቦይዚያ ዛሬም ዋነኛ የስኮፖላሚን ምንጭ ነው፤ የሥር ካልቸር በርካሽነት አላሸነፈውም። ጥረቱ መዋል ያለበት ካለስን በመጎትጎት ሳይሆን ሥርን በሥርነቱ የሚይዝ ማብላያ (ባዮሪአክተር) በመሥራት ላይ ነው፤ እንቅፋቱ ያለው እዚያ ነውና። ሥሮቹ ሲበዙ እርስ በርስ ይተበተባሉ፣ ኦክሲጅን ወደ መሀላቸው አይዘልቅም፣ ማማሰያም ይቆራርጣቸዋል። ምግባቸውን በጉም መልክ የሚረጩ ማብላያዎች የኦክሲጅኑን ችግር አቃለዋል፤ የመተብተቡ ግን እንዳለ ነው።