የደረሳው እራት



በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ አባቶቻችን ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት። ከነዳናና ከነጀማ ንጉሥ የወረሱትን ልማድ ግን አልጣሉም፦ ደረሳ በመንደሩ ሰው እራት ይማራል። ሸኹ ክፍያ አይጠይቁም፤ እናቶች ከልጆቻቸው ድርሻ ቀንሰው ይሰጣሉ። የበርታ ወገኖቻችንም ከሱዳን በኩል በመጣው ኸልዋ ልጆቻቸውን በለውህ ላይ ቁርኣን ሲያስቀሩ ኖረዋል።

መንገዱ የቆየ ነው። ኢማሙ ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) በ150 ሂጅሪያ ጋዛ ተወልደው፣ የቲም ሆነው መካ አደጉ። እናታቸው ለአስተማሪ የሚከፈል አልነበራትም። መምህሩ ግን እሱ በሌለ ጊዜ ሌሎቹን ልጆች እንዲያቀሩለት ብቻ ጠይቆ በነፃ አስተማራቸው። ወረቀት መግዣ ሲያጡ አጥንት ላይ ጻፉ። ያ መምህር ፊቱን አዙሮ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ወሎ ድረስ የሚቀራው መዝሀብ የት ይገኝ ነበር?

እኛም አሶሳ ላይ የቀራነው በሰው እራት ነው፤ የበላንባቸውን ቤቶች አንረሳም። ዛሬ ግን ደረሳ ሲርበው ለውሁን አስቀምጦ ወደ ወርቅ ቁፋሮ ሲሄድ እያየን ነው። ልጁ ትምህርት ጠልቶ አይደለም፤ እራት አጥቶ ነው።

ወንድም እህቶች፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ለአንድ ደረሳ የሚሆን እራት ከቤታችን ይውጣ። አላህ ይቀበለን፤ አሚን።