ፀረ ደም መርጋት፦ «ማቅጠኛ» የምንለው መድኃኒት ትክክለኛ ስሙ

በተለምዶ «ደም ማቅጠኛ» የሚባለው ዋርፋሪን ደምን አያቀጥንም። ወተት ውሃ ሲጨመርበት ይቀጥናል፤ ቢቀጥንም ግን ይረጋል። መቅጠንና አለመርጋት ለየቅል ናቸውና መድኃኒቱን «ፀረ ደም መርጋት» ብንለው ሥራውን ይገልጻል። የደም ሥር ሲቆረጥ መጀመሪያ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቁስሉ ላይ ይለጠፋሉ። ቀጥሎ ጉበት የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ትሮምቢን ይፈጠራል፤ ትሮምቢንም በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚዘዋወረውን ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ክር ለውጦ ቁስሉን ይደፍናል። በቁጥር ከሚጠሩት ከእነዚህ ፕሮቲኖች ውስጥ 2ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ለሥራ የሚበቁት በቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን የሚያደርገው ያገለገለው ቫይታሚን ኬ ታድሶ ዳግም እንዳይሠራ ማገድ ነው። ቀድሞ የተመረቱት ፕሮቲኖች እስኪያልቁም ቀናት ያልፋሉ።

ጉዳዩ ለጎጃም ደጋ ሰው ቅርብ ነው። በልጅነት በቂ ሕክምና ያላገኘ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ የልብ ቫልቭን ሊያጠብብ ይችላል። ልብ ምቷ ሲዛባ በግራው የላይኛ ክፍሏ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው። እንዲህ ያለው ታማሚ ዋርፋሪን እየወሰደ፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በሚለካው በአይኤንአር ምርመራ ይከታተላል፤ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላለው እንደየቫልቩ ዓይነት ከፍ ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ጎመን ይመጣል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን የሚያዘወትር ሰው አይኤንአሩ ወርዶ ደሙ ሊረጋ፣ ፋሲካ ሲገባ ጎመኑን ትቶ ወደ ሥጋ ሲዞር ደግሞ አሻቅቦ ሊደማ ይችላል። «ጎመን አትብላ» የሚለው ምክር ግን ልክ አይመስለኝም፤ የሚያስፈልገው መጠኑን አለመለዋወጥ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም መመርመር ነው።

«ሕዝብ የለመደውን ስም ለምን እንነካለን?» የሚል ይኖራል። ደም ማነስ ያለበት ሰው «ያለችኝን ደም ያቀጥንብኛል» ብሎ ክኒኑን ቢተው ያሳሳተው ስሙ ነው፤ ጎመን ለምን እንደሚያሳስብም ከ«ማቅጠን» ፈጽሞ አይገባም። «ይህን ክትትል የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ» የሚለው ሙግት ከበድ ይላል፤ ለብዙ ሕመም እውነት ነው። ነገር ግን በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቪክተስ ጥናት፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምታቸው ከተዛባ ታማሚዎች መካከል ከአዳዲሶቹ አንዱ በሆነው በሪቫሮክሳባን ከታከሙት ይልቅ በዋርፋሪንና በመሰሎቹ የታከሙት ሞታቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ለብረት ቫልቭም ሌላው አዲስ መድኃኒት ዳቢጋትራን ተሞክሮ መርጋትም መድማትም ስለበዛ ጥናቱ ተቋርጧል። ስለዚህ በጎጃም የማቻከልና የጎዛምን ወረዳ ታማሚ ገና ዋርፋሪን ያስፈልገዋል፤ የአይኤንአር ምርመራውም ረጅም መንገድ ሳይሄድ ሊያገኘው የሚገባ አገልግሎት ነው።