ምጣድ ማሟሸትና የባለ እጆች ታሪክ

እንደሚታወቀው፣ በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ስማቸው የሚነሣው በእጅ ሥራቸው ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ሃይማኖታችንን አንለውጥም ያሉት ርስታቸውን እንዳጡ በታሪክ ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው ኑሮው በእጁ ነውና ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ቀጠቀጡ፤ ሴቶቹ ምጣድ፣ ድስትና ጀበና ሠሩ። ገበሬው ያለ እነርሱ አያርስም፣ እንጀራም አይጋገርለትም ነበር። ሆኖም «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አልጠፋም።

የእናቶቻችን ሥራ ግን ዕውቀት ነበር። በአዲስ ምጣድ እንዲሁ አይጋገርም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። በእሳት ከጋለ በኋላ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበትና በጨርቅ ደጋግሞ ይታሻል። ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ፊቱ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል።

ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ከባዱ የብረት መጥበሻም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከታጠበ በኋላ ወዲያው በእሳት ላይ ይደርቃል፤ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ እስኪጨስ ድረስ ይግላል። ቅባቱ በሙቀት ጠንክሮ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል። ውኃ ውስጥ ማሳደር ግን ያበላሸዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን መጥበሻ ማሟሸት ሲማሩ የሙያውን ታሪክ ጨምረን እንንገራቸው። አያቶቻቸው የተሰደቡበት ሥራ ሀገር ያበላ ሥራ መሆኑን ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?