የማንን ጆሮ እንመን?

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ከደብዳቤ የተለየ ነገር ላከች፤ የራሷን ድምፅ። መልእክቱ በፎኖግራፍ ሲሊንደር ተቀርጾ፣ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መንግሥት ተጠሪ በነበረው በሃሪንግተን በኩል በቤተ መንግሥቱ ተሰማ፤ ከተሰማ በኋላም በንግሥቲቱ ፍላጎት መሠረት እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱም በተራቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው ላኩ። ይኸኛው ቅጂ እስከ ዛሬ ድረስ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ዲፕሎማሲ ወይም ስለ ሥልጣኔ አገባብ ሲወራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ቪክቶሪያን በአካል አግኝቶ የማያውቅ ሰው ያ ከመሣሪያው የወጣ ድምፅ የእርሷ መሆኑን፣ መሣሪያውም ሳያዛባ ማውጣቱን በምን ያውቃል? ያመጣውን ሰው ከማመን በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። ያመጣው ሰው ደግሞ የላኪዋ ደመወዝተኛ ነው። የጣይቱን ድምፅ ግን የቤተ መንግሥቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መሣሪያው እውነተኛ ይሁን አይሁን በዚያ መፈተን ይቻላል። እንግዲህ የድምፅ መሣሪያ አገራችን ሲገባ ሁለት መንገዶች አብረውት ገቡ፤ አንደኛው የአምጪውን ቃል መቀበል፣ ሁለተኛው በሚያውቁት ድምፅ መፈተን።

እነዚህ ሁለት መንገዶች ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ ተራው ሰው ቤት ሲገቡ የሆነውን ለማየት ናዝሬት፣ ማለትም የዛሬዋ አዳማ፣ ጥሩ ቦታ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በከተማዋ ያልፍ ነበር። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ዕቃ፣ ቀረጥ የተከፈለበትም ሆነ ያልተከፈለበት፣ ከፊሉ እዚያው ይራገፋል። ከጎረቤቷ ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ መቂን፣ ዝዋይን (የዛሬዋን ባቱን)፣ አርሲ ነጌሌንና ሻሸመኔን ያገናኛል። በቅርብ ርቀት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ደመወዝ የሚቆጠርለት ሠራተኛ አፍርቷል። ዕቃ የሚያመጣ፣ ዕቃ የሚያሻግርና ዕቃ የሚገዛ ሰው በአንድ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የተፈለገው ራዲዮ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭቱን ጀመረ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ብሥራተ ወንጌልን ወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ካደረገው በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣው ወሬ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በዚያን ዘመን ጥሩ ራዲዮ ማለት ድምፁ ያማረ ሳይሆን አጭር ሞገድን አጥርቶ የሚይዝ ነው። አጭር ሞገድ ግን እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ቀን ሱቅ ውስጥ የተሞከረ ራዲዮ ማታ መቂ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ስለዚህ ገዢው የግድ የሌላ ሰው ቃል ያስፈልገዋል። ቃሉ ውሸት ከሆነ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሌላው አገር ሲሰማ እርሱ ሳይሰማ ይቀራል።

ቴፕ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ቀለለ። የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት በደርግ ዘመን ሸክላን ከገበያ አስወጣ፤ በየከተማው ሙዚቃ ቤቶች ተከፈቱ። ቴፕ ሊገዛ የሚሄድ አስተዋይ ሰው የራሱን ካሴት በኪሱ ይዞ ነበር የሚሄደው። የጥላሁን ገሠሠ ሊሆን ይችላል፣ የዓሊ ቢራ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ተወልዶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዚችው በአዳማ ያረፈውን የዓሊ ቢራን ድምፅ የዚያ አካባቢ ሰው እንደ ቤተሰቡ ድምፅ ያውቀዋል። ቴፑ ዓሊን ካፈነው ወይም ካንጫጫው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ይህ እንግዲህ የቤተ መንግሥቱ ሁለተኛ መንገድ ነው፤ የሚያውቁትን ድምፅ ይዞ መሄድ።

ሻጩም ቢሆን ሞኝ አልነበረም። ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን ሲያስሞክር የሚያተርፍበትን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል። ይህ ተራ የገበያ ብልሃት ይምሰል እንጂ ሳይንስ አለው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም ባሱን፣ አሳንሶ ይሰማል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ባሱ ይጎላል። ስለዚህ ከፍ ተደርጎ የተከፈተው ዕቃ ምንም ብልጫ ሳይኖረው የሞላና የጠለቀ መስሎ ይሰማል።

ከዚያም የካርቶን ላይ ጽሑፍ መጣ። በእጅ የሚንጠለጠል፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ «1000 ዋት» ተብሎ ይጻፍበታል፤ አጠገቡም በደቃቃ ፊደል «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ይላል። ይህ ለቅጽበት ብቻ ሊታይ ይችላል የተባለ፣ ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የሌለው ቁጥር ነው። እስቲ እናስላው። ስምንት የባትሪ ድንጋዮች ተቀጣጥለው የሚሰጡት 12 ቮልት ነው። ከዚያ 1000 ዋት ለማውጣት ከ80 አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ ይህም የመኪና ሞተር ለማስነሣት ወደሚፈለገው ይጠጋል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን የማጉያ ኃይል እንዴት ተለክቶ እንደሚነገር ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። ናዝሬት ገበያ ውስጥ ያንን ደንብ የሚጠቅስ ሻጭ እኔ አላጋጠመኝም።

ታዲያ ገዢውን ከዚህ ሁሉ ያዳነው ማን ነው? የእኔ መልስ ራዲዮ ጠጋኙ ነው የሚል ነው። ናዝሬት ውስጥ የማውቃቸው አንድ ጠጋኝ ነበሩ። ሰው «ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ድምፁን ከመስማታቸው በፊት ጀርባውን ይፈቱታል። የትራንስፎርመሩን ክብደት፣ የብየዳውን ንጽሕና፣ የስፒከሩን ማግኔት ያያሉ፤ አሮጌ ከሆነም የሄዱን ማለቅ በጣታቸው ይዳስሳሉ። አንድ ቀን ለአንድ የወንጂ ወጣት የሰጡትን መልስ አልረሳውም። «ልጄ፣ ይኼኛውን ግዛ ስልህ አንድ ነገር እወቅ። የዚህ መለዋወጫ እኔ ጋ አለ፤ የዚያኛው የለኝም። ስለዚህ ምክሬ ግማሹ ላንተ ነው፤ ግማሹ ለእኔ» አሉት።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ስለ ምስክርነት መታወቅ ያለበት ሁሉ ያለ ይመስለኛል። ጠጋኙ የተለየ ጆሮ አልነበራቸውም። የታመኑት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዕቃው ሲበላሽ ተመልሶ የሚመጣው እርሳቸው ዘንድ ነው፤ ሻጭ በሸጠበት ቀን ከገዢው ይለያያል፣ ጠጋኝ ግን አይለያይም። የትኛው በስድስት ወር እንደሚሞት የሚያውቀው ሬሳውን የሚቀበለው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ እንጀራቸው ከየት እንደሚመጣ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ጥቅም የሌለው ምስክር በገበያ ውስጥ አይገኝም፤ ጥቅሙን የሚናገር ግን ይገኛል።

በዚያን ጊዜ ሌላም ዳኛ ነበረን፤ ሳናስተውለው የጠፋ ዳኛ። ድምፅ የአደባባይ ነገር ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ስፒከሩን በር ላይ ያወጣል፤ ቡና ቤቱ ራዲዮኑን ለሁሉ ይከፍታል፤ የጎረቤት ቴፕ በአጥር ይሰማል። «የእነ እገሌ ቴፕ ይንጫጫል» ለማለት ያልገዛውም ሰው መብት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1979 የሶኒ ኩባንያ ዎክማንን ሲያወጣ ግን ሙዚቃ ከመንገድ ወደ ግል ጆሮ መግባት ጀመረ። ዛሬ ከአዳማ ሐዋሳ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ሁሉ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ማን ምን እንደሚሰማ፣ መሣሪያውስ ደግ ይሁን ክፉ፣ አጠገቡ ያለው አያውቅም። ማዳመጫው ሲደክምም ይጣላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይጠገንም። ስለዚህ ጎረቤቱም ጠጋኙም በአንድነት ከምስክርነት ወንበር ተነሡ። ወንበሩ ግን ባዶ አልቀረም። በስልክ መስኮት ብቅ ብሎ «ይኼን ማዳመጫ ግዙ» የሚለው ገምጋሚ ተቀመጠበት።

በዚህ ሰው ላይ በጅምላ መፍረድ አልፈልግም፤ ሥራው አስፈላጊ ነው። ጥያቄው ዕቃውን ማን ሰጠው የሚለው ነው። በእኛ ባህል ስጦታ የተቀበለ ሰው ሰጪውን በአደባባይ አያዋርድም፤ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ይህ መልካም ሥነ ምግባር ለጎረቤት ይሠራል፤ ለምስክር ግን መርዝ ነው። በነጻ የመጣ ማዳመጫ ደግ ሰውን እንኳ ዝም ያሰኛል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2009 ስጦታ የተቀበለ ገምጋሚ ይህንኑ እንዲናገር መመሪያ ያወጡት ለዚህ ነው። ናዝሬታዊው ጠጋኝ ያለ መመሪያ ያደረጉት ነገር ነው።

ነጻ ሆኖ መመስከር ደግሞ ዋጋ አለው። ጎርደን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 «ስቴሪዮፋይል» የተባለውን የድምፅ መሣሪያ መጽሔት ሲመሠርት የፋብሪካዎችን ማስታወቂያ ላለመቀበል ወስኖ ነበር። መጽሔቱ ግን በገንዘብ እጥረት በወቅቱ መውጣት ተሳነው፤ ኋላም ማስታወቂያ መቀበሉ አልቀረም። አንባቢው ለእውነት መክፈል ካልፈለገ ሌላ ሰው ይከፍልለታል፤ የከፈለው ሰውም የሚሰማውን ይመርጥለታል።

ጥቅም ባይኖርም እንኳ ጆሮ ብቻውን አይታመንም። «ማየት ማመን ነው» እንላለን፤ በድምፅ ነገር ግን ማየት መታለል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በሃርማን ኩባንያ አርባ ሠራተኞችን ሰብስበው፣ ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ ሌላ ጊዜ በመጋረጃ ተከልለው እንዲፈርዱ አደረጉ። ስፒከሩን ሲያዩ መጠኑ፣ ዋጋውና ስሙ ፍርዳቸውን ቀየረው። ከዚያ ቀደም ብሎም የኤዲሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ዘፋኞችን ከፎኖግራፍ አጠገብ አቁሞ፣ መብራት አጥፍቶ፣ «የቱ ሰው ነው፣ የቱ መሣሪያ?» እያለ ሕዝብን ያስገርም ነበር። ከዘፋኞቹ አንዷ አና ኬዝ በስተርጅናዋ እንዳመነችው፣ ምሥጢሩ መሣሪያው ሰውን መምሰሉ ሳይሆን እርሷ ድምፅዋን ከመሣሪያው ጋር ማስማማቷ ነበር። ማለትም የሚታወቅ ድምፅ እንኳ፣ ባለ ድምፁ ተከፋይ ከሆነ፣ መፈተኛ አይሆንም።

ምርጫም ቦታ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጡት የሻሸመኔ መሬት ላይ ኋላ የሰፈሩት ጃማይካውያን የሚወዱት ሬጌ ያለ ባስ ሬጌ አይሆንም። ለእርሱ የሚስማማው ማዳመጫ የክራርን ስስ ድምፅ ሊውጠው ይችላል። ገምጋሚው «ምርጥ» ሲል በምን ሙዚቃ ሞክሮ እንደሆነ ካልነገረን ለራሱ ነው የመሰከረው።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ የቅንጦት ዕቃ ጨዋታ ቢሆን ይህን ያህል ባላደከምሁህ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ልክ በሌለው አደማመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው ለአደጋ መጋለጡን ይገልጻል። እንደ ድርጅቱ አነጋገር በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል፤ በ90 ዴሲቤል ግን ልኩ 4 ሰዓት ብቻ ነው። «ጩኸቱ አንደኛ ነው» ብሎ ማዳመጫ የሚያወድስ ገምጋሚ እንግዲህ የሚያጫውተው በገንዘባችን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለአዲሱ ምስክር የድሮውን የናዝሬት ጥያቄ እናቅርብለት። ዕቃውን ገዛኸው ወይስ ተሰጠህ? ከስድስት ወር በኋላስ አየኸው? ጉድለቱን ስሙን ጠርተህ ነገርኸን? ስሙን ሳታይ፣ ድምፁን እኩል አድርገህ አወዳደርኸው? የምናውቀውን ድምፅ አሰማኸው? ምክርህ ግማሹ ለማን ነው? የማይመልስልን ከሆነ የራሳችንን ዘፈን ይዘን ሱቅ እንሂድ፤ ድምፁን ዝቅ አድርገን እንሞክር፤ ቸኩለን አንግዛ። ራዲዮ ቢበላሽ የሚፈታው፣ ቴፕ ቢቆም ላስቲኩን የሚቀይርለት ሰው ነበረው። ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም።