የከረባት ቋጠሮ ከየት መጣ?



ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ ስንጠየቅ ስለ ፖለቲካ የምንጽፍ የመሰላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኛ ግን የመረጥነው ከረባትን ነው፤ ምክንያታችንን ወደ መጨረሻው እንገልጻለን። ጽሑፉ የታሪክ ሊቅ ሥራ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን አቋርጠን የታክሲ መሪ የጨበጥን ሰዎች በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ካነበብነው የለቃቀምነው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንገት ላይ ጨርቅ ማሰር የወታደር ልማድ ነበር። በ1974 በቻይና ከንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ መቃብር አጠገብ የተገኙት የሸክላ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ይታያሉ፤ ንጉሡ የሞተው ክርስቶስ ከመወለዱ 210 ዓመት በፊት ነው። በሮም ከተማ በ113 ዓ.ም. በቆመው የትራጃን ዓምድ ላይ የተቀረጹት ወታደሮችም እንዲሁ ናቸው።

የዛሬው ከረባት የተወለደው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ1618 እስከ 1648 አውሮፓን ባመሰው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ከክሮኤሺያ የመጡ ፈረሰኞች በደመወዝ ተቀጥረው ለፈረንሳይ ንጉሥ ተዋጉ። ከአገራቸው ርቀው በሰው አገር እንጀራ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ የፈረንሳዮችን ዓይን ሳበ። ፈረንሳዮችም ጨርቁን በባለቤቶቹ ስም «ክራቫት» አሉት፤ ክሮአት ለማለት ነው። ከ1643 እስከ 1715 የነገሠው ሉዊ 14ኛና መሳፍንቱ አጌጡበት፤ ከዚያም ወደ ሌላው አውሮፓ ተዛመተ። እኛም ዛሬ «ከረባት» ስንል ሳናውቀው የእነዚያን እንግዶች ስም እየጠራን ነው። ክሮአቶች ራሳቸው ይህን አልዘነጉም፤ በ2003 በፑላ ከተማ የሚገኘውን ጥንታዊ የሮማውያን ስታዲየም በግዙፍ ቀይ ከረባት ጠምጥመውት ነበር።

አስተሳሰሩም የራሱ ታሪክ አለው። በ1692 በዛሬዋ ቤልጂግ ውስጥ በስቴንከርክ ጦርነት የፈረንሳይ መኮንኖች ጠላት በድንገት ደርሶባቸው ከረባታቸውን አሳምረው ለማሰር ጊዜ ቢያጡ፣ ጨርቁን ጠምዘዝ አድርገው ጫፉን በኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ ወሸቁት ይባላል። የችኮላው አስተሳሰር በጦር ሜዳው ስም ተጠርቶ ፋሽን ሆነ፤ ወይዛዝርቱም ተከተሉት። ኋላም በለንደን ቦ ብረምል የሚባል ሰው ነጭ ከረባቱን በስታርች አድርቆ ለማሰር ብቻ ረጅም ሰዓት ያጠፋ ነበር። በ1818 ደግሞ በዚያው ከተማ በልዩ ልዩ አስተሳሰሮች ላይ የሚቀልድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ታተመ። ከረባት ግን ዕዳ አይከፍልም፤ ብረምል በ1816 ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ፈረንሳይ ገባ፤ በ1840 እዚያው በድህነት ሞተ።

አሁን ወደ እኛ ሙያ እንምጣ። ዛሬ በጣም የተለመደው ቋጠሮ በእንግሊዝኛ «ፎር ኢን ሃንድ» ይባላል፤ «አራቱ በአንድ እጅ» እንደ ማለት ነው። ስሙ የመጣው የአራት ፈረሶችን ልጓም በአንድ እጅ ይዘው ሠረገላ ከሚነዱ ሰዎች ነው። አንዳንዶች ነጂዎቹ ልጓሙን የሚያስሩት እንዲህ ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የአንገት ጨርቃቸውን ነው ይላሉ። በየትኛውም ቢሆን የእኛ የሾፌሮች ቋጠሮ ነው!

አስተሳሰሩ እንደሚከተለው ነው። ሰፊው ጫፍ በቀኝ በኩል ረዘም ብሎ ይውረድ። ሰፊውን በጠባቡ ላይ አሻግሩት፤ በሥሩ መልሱት፤ እንደገና በላዩ አሻግሩት። ቀጥሎ አንገት ሥር በሚገኘው ክፍተት ከታች ወደ ላይ አውጡት፤ ከፊት በተፈጠረው ማጠፊያ ውስጥ ወደ ታች አሳልፉት። ጠባቡን ያዝ አድርጎ ቋጠሮውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ይቀራል። ከረባቱ ሲፈታ ሳይጣመም ወደ ቅርጹ የሚመለሰው የኒውዮርኩ ጄሲ ላንግስዶርፍ በ1920ዎቹ ባስመዘገበው ዘዴ ጨርቁ በሰያፍ ተቆርጦ ከሦስት ቁራጭ ስለሚሰፋ ነው።

በ1999 ቶማስ ፊንክና ዮንግ ማኦ የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ የፊዚክስ ምሁራን ከረባት በ85 መንገድ ሊታሰር እንደሚችል በሒሳብ አሳይተዋል። እናቶቻችን ደግሞ ያለ ሒሳብ የነጠላን አለባበስ ያውቁታል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለሐዘን ይዘቀዘቃል፤ በታላቅ ሰው ፊት ወገብ ላይ ይደገደጋል። የሚያውቅ ሰው ነጠላውን አይቶ ለቅሶ ይሁን ደስታ ሳይጠይቅ ይረዳል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ነገር እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንዱን ስንቀብር፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት ነጠላ ለብሶ መጣ። ለማክበር ብሎ ነው፤ ግን የለበሰው እንደ ሠርግ ቀን ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ በሰው ፊት «ሠርግ መሰለህ እንዴ?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ነጠላውን አጥፎ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ደጅ አልታየም። እኛም አጠገቡ ቆመን ነበር፤ ነጠላውን ልናስተካክልለት ስንችል ዝም አልን።

ዝምታችን የቆጨን የራሳችንን ስላስታወስን ነው። ወደዚህ አገር መጥተን የመጀመሪያውን የሹፍርና ሥራ ስናገኝ ከረባት ግዴታ ነበር፤ ማሰር ግን አናውቅም። ከእኛ ቀድሞ የመጣ አንድ ወንድማችን ጋራዡ ውስጥ ከኋላችን ቆሞ እጃችንን በእጁ ይዞ ሦስት ጊዜ አሰረልን። አራተኛውን ራሳችን አሰርን። «እስከ ዛሬ እንዴት አላወቅክም?» አላለንም።

የክሮአቶቹ ጨርቅ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የኖረው አንዱ ለሌላው ስላሳየው ነው፤ ቋጠሮ በቁጣ አይወረስም። ስለዚህ በበዓሉ ምሽት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን በአዳራሹ መግቢያ እንጠብቃችኋለን። ከረባት ያላችሁ ከረባት፣ ነጠላ ያላችሁ ነጠላ ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቻችሁንም አምጡ። ነጠላውን እናቶቻችን ያሳዩናል፤ እኛም እንማራለን። ያን ወጣት የምታውቁት ካላችሁ ደግሞ እንደምንፈልገው ንገሩልን፤ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን።

መልካም በዓል!