«ማጣመር»፦ ሰዓትና ስልክ በአንድ ቀንበር

በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በፈረቃ መካከል ባለችው አጭር ዕረፍት፣ አንድ ሠራተኛ አዲስ ስማርት ሰዓት ከሳጥኑ አወጣ እንበል። የስልኩን ብሉቱዝ አብርቶ ይፈልጋል። የሰዓቱ ስም ወይ ጭራሽ አይመጣም፣ ወይ መጥቶ ሲነኩት እምቢ ይላል። አጠገቡ ያለው ባልደረባ በዕብራይስጥ «ጺሙዱ አልሠራም» ይለዋል፤ በአማርኛ የተዘጋጀ ስልክ ደግሞ «አጣምር» ይላል። እንግሊዝኛው ይህንኑ «ፔሪንግ» ይለዋል። ብዙ ሰው ሰዓቱ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ የሚመልሰው የቃሉ ትርጉም ሳይገባው በመቅረቱ ነው።

ማጣመር ማለት ሁለት መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋውቀው፣ በአንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ተስማምተው፣ ቁልፉን ሁለቱም በየራሳቸው የሚያስቀምጡበት ሥራ ነው። ማገናኘት ግን ሌላ ነው። ማገናኘት አስቀድመው የተጣመሩ መሣሪያዎች በተቀራረቡ ቁጥር በዚያው ቁልፍ መስመር መክፈታቸው ነው። ማጣመር አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ መገናኘት በየቀኑ።

ልዩነቱን ለወላጆቻችን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎንደር ገጠር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እሱ አንድ በሬ ያለውን ጎረቤቱን ፈልጎ ይቀናጃል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። ስምምነቱ የሚደረገው አንድ ጊዜ ነው፤ በሬዎቹ ግን በየማለዳው ይጠመዳሉ። መቀናጆው ማጣመር ነው፤ የማለዳው ቀንበር መገናኘት ነው። መቀናጆ ሳይኖር የሰው በሬ ጎትቶ ከራስ በሬ ጋር ማጥመድ አይቻልም። ሰዓቱም ያልተስማማውን ስልክ እሺ አይልም።

የዕብራይስጡ ቃልም ከዚሁ ማሳ የበቀለ ነው። «ጺሙድ» የመጣው «ጼሜድ» ከሚለው ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጥንድ፣ በተለይም በአንድ ቀንበር የዋለ የበሬ ጥንድ ነው። የግዕዙ «ፀመደ»ና የአማርኛው «ጠመደ» የዚህ ቃል እኅቶች ናቸው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ኤልሳዕ ሲያርስ የተገኘበትን 12 ጥንድ በሬ ዕብራይስጡ «ጽማዲም» ይለዋል፤ አማርኛው «ጥማድ»። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣ አዛውንት ጺሙድን እንደ ባዕድ ቃል ሊፈራው አይገባም፤ ሥሩን በእጁ ይዞ ያረሰ ሰው ነው።

ታዲያ አማርኛው ለምን «ማጣመድ» አይሆንም? «መጠመድ» ዛሬ ወጥመድንና ፈንጂን ያስታውሳል፤ «ጠመደኝ» ሲባልም ክፉ ፍለጋ ነው። «ማቀናጀት» ደግሞ ሥራን ማስተባበር ወደሚለው ትርጉም ሄዷል። ስለዚህ በስልኮቻችን ላይ የገባው «ማጣመር» ትክክለኛው ምርጫ ነው። ጥምረቱን ለማፍረስ ደግሞ «መፍታት» እንበል፤ በሬም ከቀንበር ይፈታል።

የብሉቱዝ ስም ራሱ ከአንድነት ጋር የተያያዘ ነው። ሃራልድ ብሉቱዝ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን አንድ ያደረገ ንጉሥ ነበር። ስሙን ለቴክኖሎጂው ያቀረበው የኢንቴል መሐንዲስ ጂም ካርዳክ ነው። በ1998 የብሉቱዝን ማኅበር የመሠረቱት ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ቶሺባና ኢንቴል ናቸው። ኢንቴል በቂርያት ጋት የቺፕ ፋብሪካውን ሥራ ያስጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ቃሉ ከገባን ብልሽት የሚመስለው ነገር በአብዛኛው የስምምነት ችግር መሆኑን እናያለን። ያልተጣመረ ሰዓት ለዚሁ በተመደቡ ሦስት የሬዲዮ መስመሮች ላይ «እዚህ ነኝ» እያለ ይጣራል፤ ስልኩ ሰምቶ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ በቅደም ተከተል የሚከተለውን እንይ።

አንደኛ፣ ሁለቱ ሊጣመሩ የሚችሉ ናቸው ወይ? አፕል ዋች የሚጣመረው ከአይፎን ጋር ብቻ ነው። ከ2021 የጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ ያሉት የሳምሰንግ ሰዓቶች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይሠሩም። ይህን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በየት በኩል እያጣመርን ነው? አብዛኛው ስማርት ሰዓት የሚጣመረው በአምራቹ መተግበሪያ ውስጥ ነው። በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር በኩል የተጀመረ ጥምረት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ከዝርዝሩ ፈትቶ በመተግበሪያው እንደገና መጀመር ነው።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ ሰጥተናል ወይ? ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉት ስልኮች መተግበሪያው ሰዓቱን ለመፈለግ የአካባቢ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የማግኘት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የከለከለ ሰው ሰዓቱ አጠገቡ ሆኖ እንኳ አያገኘውም።

አራተኛ፣ ሰዓቱ ከሌላ ስልክ ጋር ተጣምሮ ይሆን? ከዘመድ የተሰጠ ወይም ያገለገለ ሰዓት የቀድሞውን ስምምነት እንደያዘ ነው። የቀድሞው ባለቤት ይፍታው፤ ከዚያም ሰዓቱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ነው። አፕል ዋች ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ከራሱ መለያ ካላስወጣው ለአዲሱ ሰው አይከፈትም።

አምስተኛ፣ ቁልፉ በአንድ ወገን ብቻ ቀርቶ ይሆን? ሰዓቱ እንደ አዲስ ሲጀመር ቁልፉን ይጥላል፤ ስልኩ ግን አሮጌውን እንደያዘ ይቆያል። በአንድ በኩል የፈረሰ መቀናጆ በሌላ በኩል ጸንቶ አይኖርም። በሁለቱም በኩል ፈትቶ እንደገና ማጣመር ያስፈልጋል።

በማጣመር ወቅት ሰዓቱን ከቻርጀሩ ላይ አድርጉት፤ ስልኩንም አጠገቡ አኑሩ። በሁለቱም ላይ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ከመጣ አንድ ዓይነት መሆኑን አይታችሁ ብቻ አጽድቁ፤ ከተለያየ የሌላ ሰው መሣሪያ ሊሆን ይችላልና አቋርጡ። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት የፋብሪካ ማረፊያ ክፍል በዝርዝሩ ላይ የሚመጣው ስም ብዙ ነው፤ እቤት ገብቶ ተረጋግቶ መሞከር ይሻላል።

ልጆች ሆይ፣ የእናታችሁን ሰዓት ከእጇ ወስዳችሁ በዝምታ አስተካክላችሁ አትመልሱላት። አጠገቧ ተቀምጣችሁ «ይህ መቀናጆው ነው፣ ይህ የማለዳው ቀንበር ነው» በሏት። ቃሉን በራሷ ቋንቋ ያገኘች እናት በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቷን ራሷ ታጣምራለች።